ጠላት ሲርቅ የፈረሰ ኪዳን

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት በወረታ ዙሪያ ብዙ ሰው ይሳላል፤ ውሃው ሲጎድል ግን ስእለቱም አብሮ ይጎድላል። ጠባዩ የእኛም ስለ ሆነ በማንም አንፈርድም። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 34 የተወልን ታሪክም የዚሁ ዓይነት ነው።

የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን በከበበ ጊዜ ንጉሡ ሴዴቅያስና ሕዝቡ ዕብራውያን ባሮቻቸውንና ገረዶቻቸውን አርነት ሊያወጡ በቤተ መቅደስ ተማማሉ፤ እንቦሳውንም ለሁለት ቈርጠው በቍራጮቹ መካከል አለፉ። ትእዛዙ አዲስ አልነበረም። ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው እንዲወጣ ኦሪት አስቀድማ አዝዛለች (ዘጸ. 21፥2)፤ ይኸውም ባዶ እጁን ሳይሆን ከጌታው መንጋ፣ ከአውድማውና ከመጭመቂያው ተሰጥቶት ነው (ዘዳ. 15፥13-14)።

ኋላ የፈርዖን ሠራዊት መውጣቱ ተሰማና ከለዳውያን ለጊዜው ከከተማይቱ ራቁ። ፍርሃቱ ባለፈ ጊዜ ጌቶቹ የለቀቋቸውን መልሰው ገዙ። እግዚአብሔርም ይህን ስሙን እንደ ማርከስ ቈጠረው፤ ለወንድሞቻቸው የነፈጉትን አርነት በእነርሱ ላይ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ ዐወጀው። በዚሁ ንጉሥ ቤት ግን ጃንደረባው ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክ፣ እርሱም የሰው አገልጋይ ሲሆን፣ ሳይምልና ሳይሳል ነቢዩን ከጕድጓድ አውጥቶ ነበር።

በአገራችን ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን እየመሰከረ ለባርነት ሥርዐት አበጅቶለት ኖሯል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው ሕግ ባሪያው ጌታው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነጻ እንዲሆን አዘዘ። ኦሪት ሰባቱን ከአገልግሎቱ መጀመሪያ ትቈጥራለች፤ ይህ ሕግ ግን ከጌታው ሞት ይቈጥር ነበር፤ ልዩነቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ያን ጊዜም ከአውድማው የሰጠ ጌታ ጥቂት ስለ ነበረ፣ መሬት የሌለው ብዙው ሰው እዚያው ቤት ቀረ።

ዛሬ ባሪያ የለንም እንላለን። ነገር ግን ልጅቱን ከገጠር ከእናቷ እጅ ስንቀበል እንደ ልጃችን ልናሳድጋትና ልናስተምራት ቃል እንገባለን፤ አንዳንዳችንም በታቦት እንምላለን። የንስሓ አባት የጧፍና የጥላ ስእለት መግባቱን ይጠይቀናል፤ ስለዚህኛው መሐላ ግን ጠይቆን አያውቅም። መስከረም ሲጠባ የሚጋገረው እንጀራና የሚታጠበው ልብስ ይታየንና «ለከርሞ» እንላታለን፤ ከርሞም ሲደርስ እንደ ገና «ለከርሞ»።