የፍግ ክምርና የደጋው ብርድ

ስለ ፍግ ሲነሣ ብዙ ተማሪዎች ጉዳዩን ለባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ይተዉታል። እኛ ግን ዋናው ጥያቄ የሙቀት ጥያቄ ስለሆነ የፊዚክስም ድርሻ አለበት እንላለን።

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ የከብት እበት ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ይሆናል፣ ወይ ለጓሮ ማሳ ፍግ ይሆናል። ኩበቱ ምድጃ ስለሚገባ ለዛሬው ጉዳያችን አያሳስብም (አፈሩ የሚያጣው ማዳበሪያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው)። የሚያሳስበን ሰላጣና ካሮት በሚበቅልበት መደብ ላይ የሚበተነው ጥሬ እበት ነው።

ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ ከብቱን ሳያሳምም በአንጀቱ ውስጥ ይኖራል፤ ሰውን ግን ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ፣ አልፎም ለኩላሊት ጉዳት ይዳርጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳዋ የዎከርተን ከተማ በማሳ ላይ የተበተነ ፍግ በከባድ ዝናብ ታጥቦ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ በመግባቱ 7 ሰዎች ሲሞቱ ከ2,000 በላይ ታመዋል።

ብርድ ተዋስያንን ያጠፋል የሚለው ግምት እዚህ ላይ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት እንዳሳየው ባክቴሪያው በከብት እበት ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ42 እስከ 49 ቀን ሲቆይ፣ በ5 ዲግሪ ከ63 እስከ 70 ቀን ቆይቷል። ብርድ የሕዋሱን ኬሚካዊ ሂደት ያዘገያል፤ የሚሻሙትንና የሚበሉትን ሌሎች ደቂቅ ዘአካላትም እንዲሁ። የደጋው ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ቢሆንም ከአፈሩ ገጽ ብዙም አይዘልቅም።

እንግዲህ ሙቀቱን ከራሱ ከፍጉ ማግኘት ይገባል። በክምር ውስጥ ሙቀት የሚመነጨው በይዘቱ መጠን ሲሆን የሚባክነው በገጹ ስፋት መጠን ነው። ጎኑ 0.5 ሜትር የሆነ ኩብ ክምር ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ይዘት 12 ሜትር ካሬ ገጽ አለው፤ ጎኑ 1.5 ሜትር ሲሆን ግን 4 ብቻ። በደብረ ብርሃን ሌሊት ትንሹ ክምር ሙቀቱን መያዝ ይሳነዋል፤ ትልቁ፣ ያውም ገለባ ከለበሰ፣ የተሻለ ይይዛል። ውጫዊው ክፍል ምንጊዜም ቀዝቃዛ ስለሆነ መገልበጥ የግድ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ለተዘረጋ ክምር ቢያንስ 55 ዲግሪ ለ15 ቀናት፣ በመካከሉም 5 ጊዜ መገልበጥን ይጠይቃል።

ይኸው ደንብ ጥሬ ፍግ ለተበተነበትና የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ ሰብል ከምርት በፊት 120 ቀን ያዛል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን ፍግ የተበተነበት የካሮት መደብ ከጥር 1 ቀን በፊት አይነቀልም ማለት ነው፤ በመካከሉ ያሉት ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው።