በደማምና በኾበር የታዳጊዎች እምነትና ዝምታ

ጥያቄ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ ከተሞች በደማምና በኾበር የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች፣ በሃይማኖተኛና ሃይማኖት በሌለው ሰው መካከል ስላለው መግባባት የሚያስቡትን በግልጽ ለመናገር የሚቸገሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ኢአማኒነት፣ ማለትም የፈጣሪን መኖር አለመቀበል፣ በሳዑዲ ዓረቢያ እንደ ግል አስተሳሰብ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የ1992ቱ መሠረታዊ ሕግ ቁርኣንንና ሱናን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አድርጎ ሲደነግግ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር በ2014 ያወጣው ደንብ ወደ ኢአማኒነት መጥራትን ከሽብር ድርጊቶች ተርታ አስገብቶታል (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ የታዳጊው ዝምታ የስምምነት ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ይህን የሚዘነጉ ወላጆች ጥቂት አይመስሉም።

መግባባቱ በተጨባጭ የሚፈተነው ግን አማኝና ኢአማኒ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ሳይሆን፣ አዘውትረው በሚሰግዱና ስግደትን በተዉ የአንድ ሙስሊም ቤት ልጆች መካከል ነው። ቀድሞ ሱቆች በሶላት ሰዓት በግዴታ ይዘጉ ስለነበር ልዩነቱ ከውጭ እምብዛም አይታይም ነበር፤ የሃይማኖት ፖሊሶች በ2016 የማሰር ሥልጣናቸውን ካጡና በ2021 ንግድ ቤቶች በሶላት ሰዓት ክፍት እንዲሆኑ ከተፈቀደ ወዲህ ግን የሚሰግደው በፈቃዱ እንደሚሰግድ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል፤ ይህም ለአማኙ ታዳጊ ክብር እንጂ ጉዳት አይደለም።

የክርስቲያን ቤተሰቦች ፈተና ሌላ ነው፦ በአገሪቱ የአደባባይ አምልኮ ስለማይፈቀድላቸው፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በ1986 ከተከፈተውና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚረዝመው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ማዶ፣ በባሕሬን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳያይ ያደገ ልጅ ለአምልኮ ግድ የሌለው ቢመስል፣ ነገሩ እምነትን ከመካድ ሳይሆን ካለመልመድ የመጣ መሆን አለመሆኑን ወላጅ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል።