የውኃ ፓምፕ የገመድ ማያያዣና መቆለፊያው
ለሐርቡና ለአካባቢው የመስኖ ገበሬዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደቡብ ወሎ በቃሉ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ከደሴ በኩል የሚመጣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ በዚህ ሜዳ ይወርዳል። ዝናቡ ካባራ በኋላ በወንዝና በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና የመሳሰለው ይለማል። ውኃውን ወደ ማሳ ለማድረስ ከቦይና ከነዳጅ ፓምፕ በተጨማሪ ዛሬ በፀሐይ ኃይልና በመብራት የሚሠሩ ፓምፖች ወደ ገበሬው እጅ ገብተዋል።

የነዳጅ ፓምፕ ሲታመም ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ያፈሳል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል። ሞተሩ ደኅና፣ የፀሐይ ፓኔሉ ደኅና፣ ጉድጓዱም ውኃ ያለው ሆኖ ሳለ ፓምፑ እምቢ ሲል፣ ምክንያቱ ሁለት ገመዶች የሚጋጠሙባት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ልትሆን ትችላለች። ይህች ዕቃ ማያያዣ ትባላለች። ዋጋዋ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን ሽንኩርት ራስ በሚይዝበት ወቅት ፓምፕ ለጥቂት ቀናት ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አይዘልም። ስለሆነም አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ሽንኩርቱ ከታች የሚጠጣው የለውም።

በዚህ ትምህርት የምናስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። የገመድ ግጥሚያ አለቀ የሚባለው ፓምፑ በመነሣቱ ሳይሆን ማያያዣው በመቆለፉ ነው።

2. መቆለፊያ ለምን አስፈለገ?

ማያያዣ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ኤሌክትሪኩን ከገመድ ወደ ገመድ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ሁለቱን ገመዶች ሳይላቀቁ ይዞ መቆየት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ውስጥ ያለው ብረት ይሠራዋል። ሁለተኛውን የሚሠራው መቆለፊያው ነው።

ነገሩን ከእርሻ ዕቃችን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙት በምራን ነው። በሬዎቹ ቆመው ሳሉ የላላ ምራንም የያዘ ይመስላል፤ መሳብ ሲጀምሩ ግን ልሉነቱ ይታወቃል። ያልተቆለፈ ማያያዣም እንዲሁ ነው። በተገጠመበት ቀን ይሠራል፤ ነፋስ ገመዱን ሲያወዛውዘው፣ ሰው ወይም ፍየል ሲረግጠው፣ የፓምፑ ንዝረት ሲነቀንቀው፣ ቀን በሙቀት ተለጥጦ ሌሊት በቅዝቃዜ ሲኮማተር ግን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ማያያዣው ጨርሶ ሲላቀቅ ብቻ አይደለም። ግማሽ ተያይዞ ሲቀርም ነው። ብረቱ ከብረት ጋር በደንብ ካልተነካካ ኤሌክትሪኩ ለማለፍ ይቸገራል። ይህ ተቃውሞ በኦም ይለካል። የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው አምፔሩን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በተቃውሞው በማባዛት ነው። ለምሳሌ፦

ሀ. በደንብ የተገጠመ ማያያዣ ተቃውሞው 0.001 ኦም ቢሆንና 10 አምፔር ቢያልፍበት፣ 10 × 10 × 0.001 = 0.1 ዋት ይሆናል። ይህ በእጅ እንኳ አይታወቅም።

ለ. የላላ ማያያዣ ተቃውሞው 0.6 ኦም ቢደርስ፣ 10 × 10 × 0.6 = 60 ዋት ይሆናል። ይህም የአንድ ባለ 60 ሻማ አምፑል ኃይል ነው። አውራ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ይህን ያህል ሙቀት ሲታመቅ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከአጠገቡ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ካለ እሳት ይነሣል።

3. የመቆለፊያ ዓይነቶች

በመስኖ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት አምስት ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

3.1. መቆለፊያ የሌለው ስፒና። ይህ በቤት ውስጥ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የምንጠቀምበት ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብረት የስፒናውን እግር ጨምድዶ ከመያዝ በቀር ሌላ መያዣ የለውም። ገመዱ ሲሳብ ይወጣል፤ ውኃም ያስገባል። ስለዚህ ለማሳ ፓምፕ አይሆንም።

3.2. ባለክዳን ስፒና። በመብራት ለሚሠሩ ፓምፖች የሚስማማው ወፍራሙ ክብ ስፒና ነው። ሰማያዊው ለ220 ቮልት፣ ቀዩ ለ380 ቮልት ሦስት ፌዝ ነው። የሶኬቱ ክዳን ጥርስ አለው፤ ስፒናው ሲገባ ክዳኑ ወርዶ ከስፒናው ጀርባ ይይዘዋል። ውኃ እንዳይገባ በሚገባ የሚከላከለው ዓይነት ደግሞ እንደ ማሰሮ ክዳን የሚዞር ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ካልዞረ አልተቆለፈም። የዚህ ስፒና ሌላው ጥቅም የመሬት ሽቦው እግር ከሌሎቹ ቀድሞ የሚገባና ከሌሎቹ በኋላ የሚወጣ መሆኑ ነው። በሦስት ፌዝ ፓምፕ ላይ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ቢላላ ሞተሩ በሁለቱ እያጓራ ይቀጥላል፤ መከላከያ ከሌለውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

3.3. ባለሁለት ጆሮ ማያያዣ። በፀሐይ ፓኔሎች ጀርባ የሚገኘው ይህ ነው። ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ኤም ሲ 4 ይሉታል። ኤም ሲ የሚለው መጀመሪያ የሠራው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የመልቲ ኮንታክት ስም አሕጽሮት ሲሆን፣ 4 የሚለው የውስጥ ብረቱ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ወንዴና ሴቴ አለው። በአንደኛው ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ጆሮዎች ወደ ሌላኛው ገብተው እንደ በር መወርወሪያ ይይዛሉ። ከተቆለፈ በኋላ ለመክፈት ሁለት ጣት ያለው መፍቻ ያስፈልጋል። ይህ እንዲያው የመጣ አይደለም። ለምሳሌ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በ2008 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ሰው በቀላሉ የሚደርስባቸው ከ30 ቮልት በላይ የሆኑ የፀሐይ ፓኔል ማያያዣዎች ያለ መሣሪያ የማይከፈቱ እንዲሆኑ አዝዟል።

3.4. ባለጥርስ ቀለበት። በውኃ መጠን መቆጣጠሪያ ቀጫጭን ገመዶችና በአንዳንድ ትንንሽ ፓምፖች ላይ ይገኛል። ቀለበቱ እንደ ዳዶ በጥርስ ላይ ይዞራል። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት እስኪጨመቅ ድረስ በእጅ ይጠበቃል። በፒንሳ አብዝቶ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል።

3.5. ሞርሴቶና የገመድ ማነቂያ። መቆጣጠሪያው ሣጥን ውስጥ ገመዱ በብሎን የሚታሠርበት ሞርሴቶ ነው። ገመዱ ወደ ሣጥኑ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ደግሞ ማነቂያ ይኖራል። ገመዱ ከውጭ ሲሳብ ጉልበቱን መቀበል ያለበት ማነቂያው እንጂ ብሎኑ አይደለም። ማነቂያው ከላላ ብሎኑ ቢጠብቅም ሽቦው ከጊዜ ብዛት ይነቀላል።

4. የፀሐይ ፓኔል ማያያዣ እንዴት ይገጠማል?

አዲስ ማያያዣ በገመድ ላይ መሥራት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ሆኖም ገበሬው ሥራው በትክክል መሠራቱን እንዲያውቅ ቅደም ተከተሉን እናስቀምጣለን።

ሀ. ገመዱ ከፓኔሉ ወይም ከመቆጣጠሪያው የተለየ፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት መሆኑ ይረጋገጣል።
ለ. የኋላው ዳዶ አስቀድሞ በገመዱ ላይ ይሰካል። ይህ ከተረሳ ሥራው እንደገና ይጀመራል።
ሐ. የገመዱ ልባስ ለብረቱ በሚበቃ መጠን ይላጣል። የውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዳቸውም መቆረጥ የለባቸውም።
መ. ብረቱ በገመዱ ጫፍ ላይ በመጭመቂያ ፒንሳ ይጨመቃል። በተራ ፒንሳ መደፍጠጥ ወይም በድንጋይ መቀጥቀጥ ክልክል ነው፤ ለጊዜው ይያዝና በኋላ ይላላል።
ሠ. ብረቱ ወደ ፕላስቲኩ ቤት ጠቅ እስኪል ይገፋል። ከዚያ ገመዱ ወደ ኋላ በመጠኑ ይሳባል። ከወጣ አልተቆለፈም።
ረ. የኋላው ዳዶ በመፍቻው ይጠበቃል። ዳዶው ገመዱን ያንቃል፤ ውኃም ይከላከላል።
ሰ. ወንዴውና ሴቴው ይጋጠማሉ። ሁለቱም ጆሮዎች መግባታቸው በዓይን ይታያል፣ ድምፁ በጆሮ ይሰማል፣ አያያዙ በእጅ ተስቦ ይፈተናል።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አንዱ ጆሮ ገብቶ ሌላው ውጭ ሲቀር ማያያዣው ጎበጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ፓምፑም ይሠራል። ስለዚህ ማየት፣ መስማትና መሳብ ሦስቱም መደረግ አለባቸው።

በተጨማሪም ወንዴውና ሴቴው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ እንዲሆኑ እንመክራለን። የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃ ሲጋጠም የገጠመ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽም ቢሆን ብረቱ በደንብ እንዳይነካካ ወይም ጆሮው እንዳይይዝ ያደርጋል። ፓኔልና መቆጣጠሪያ ሲገዛ ለሁለቱም የሚሆን ጥንድ ማያያዣ አብሮ መጠየቅ ይገባል።

5. ማያያዣን ስለ መፍታት

የፀሐይ ፓኔል ብርሃን ባለበት ጊዜ ሁሉ ቮልት አለው። በማጥፊያ አይጠፋም። አንዱ ፓኔል 40 ቮልት ቢሰጥ፣ ስምንቱ ተከታትለው ሲገናኙ 320 ቮልት ይሆናል። ይህ ሰው ይገድላል።

የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ግጥሚያ ሲለያይ የሚወጣው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል። ከፀሐይ ፓኔል የሚመጣው ግን በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ የሚፈስስ ነው። ፓምፑ እየሠራ ማያያዣ ቢፈታ የሚነሣው ብልጭታ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀጥልና እጅን ሊያቃጥል ይችላል። በመሆኑም፦

ሀ. መጀመሪያ ፓምፑ በመቆጣጠሪያው ይቆማል።
ለ. ቀጥሎ ለፀሐይ ፓኔል የተሠራው ብሬከር ወይም መለያ ማጥፊያ ይወርዳል።
ሐ. ከዚያ በኋላ ብቻ ማያያዣው በመፍቻው ይፈታል። በደረቅ እጅና በደረቅ መሬት ላይ ይሁን።
መ. የተፈታው ጫፍ ክዳን ይደረግለታል፤ ጭቃ ላይ አይጣልም።

6. በየቀኑ ለሚጓጓዝ ፓምፕ

ሌባን በመፍራት ፓምፑንና ፓኔሎቹን ጧት ወደ ማሳ፣ ማታ ወደ ቤት የሚያመላልስ ገበሬ አለ። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለሁለት ጆሮ ማያያዣ የተሠራው አንዴ ተገጥሞ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ነው። በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ጆሮው ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰበራል፤ አቧራም ውስጡ ይገባል።

ስለዚህ የፓኔሎቹ ማያያዣዎች ሳይነኩ፣ በፍሬም ወይም በጋሪ ላይ እንደ ታሠሩ እንዲጓጓዙ ይደረግ። የሚፈታው ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም ከመለያ ማጥፊያው በኋላ ያለው ይሁን። ለዚያ ቦታ መለወጫ የሚሆን አንድ ጥንድ ማያያዣ በቤት ይቀመጥ።

ጆሮው የተሰበረ ማያያዣን በናስትሮ ጠቅልሎ ወይም በጎማ ቁራጭ አሥሮ መጠቀም አይገባም። ናስትሮ በፀሐይ ሙቀት ሙጫው ይለቃል፤ ከሥሩም ውኃ ይቋጥራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላላውን ነገር ከዓይን ይሸፍናል።

7. ወደ ጉድጓድ ለሚገባ ፓምፕ

ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ግጥሚያው ከተጨመቀ በኋላ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይለብሳል። ተራ ናስትሮ ለዚህ አይበቃም። ፓምፑ የሚንጠለጠለው በራሱ ገመድ ወይም ቱቦ እንጂ በኤሌክትሪክ ገመዱ አይደለም። የኤሌክትሪክ ገመዱ በጥቂት ሜትር ልዩነት ላላ ተደርጎ ከቱቦው ጋር ይታሠር። ክብደት የሚሸከም ግጥሚያ ምንም ዓይነት መቆለፊያ ቢኖረው አይበረክትም።

8. የቁጥጥር ጊዜ

በመስከረምና በጥቅምት፣ መስኖ ከመጀመሩ በፊት፦ ማያያዣዎቹ ሁሉ ይታያሉ። የቀለጠ፣ የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጆሮው የጎደለ ይለወጣል። በክረምቱ አይጥ የበላው ገመድ እንዳለም ይመረመራል።

በመስኖ ወራት፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን፦ ፓምፑ ከቆመና ማጥፊያው ከወረደ በኋላ ማያያዣዎቹ ይዳሰሳሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሞቅ ካለ እርሱ የላላ ነው። መሬት የነካ ማያያዣ ከፍ ተደርጎ ከፍሬሙ ጋር ይታሠራል።

ከኃይለኛ ነፋስ ወይም ከጎርፍ በኋላ፦ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሙሉ ምርመራ ይደረጋል።

9. ማጠቃለያ

መልካም መቆለፊያ ጉልበት አይጠይቅም፤ ትዕግሥትን ይጠይቃል። አንድ ማያያዣ ለማየት፣ ድምፁን ለመስማትና ለመሳብ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የዚህች ደቂቃ ቁጠባ ግን የተቃጠለ ሞተር፣ የደረቀ ሽንኩርት፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከአቅም በላይ የሆነውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት፣ በአካባቢው ያለውን የግብርና ልማት ሠራተኛም ማማከር ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፓምፑ እየሠራ እያለ ማያያዣው አልተቆለፈም ሊባል የሚችለው መቼ ነው?
2. የላላ ማያያዣ ለምን ይሞቃል? 8 አምፔር በ0.5 ኦም ሲያልፍ ስንት ዋት ሙቀት ይፈጠራል? (መልስ፦ 32 ዋት)
3. ከፀሐይ ፓኔል የሚመጣን ገመድ ከመፍታት በፊት ምን ምን ይደረጋል?
4. በእናንተ ማሳ ላይ ያሉት ማያያዣዎች ስንት ናቸው? ከእነርሱስ መሬት የነካው የትኛው ነው?