ሩቅ ሀገር፣ ቅርብ ፍርሃት፦ ለአስፈሪ የሚና ጨዋታ መቼት እንዴት ይመረጣል?

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ታሪክ አብረው የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይገልጻል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። በአስፈሪው ዘርፍ ስሙ የገነነው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» እ.ኤ.አ. በ1981 ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ መሪዎች ታሪካቸውን የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ አሮጌ ቤቶች። ቦታው ሲደጋገም ተጫዋቹ ይለምደዋል። በሩ ሳይከፈት ከበስተጀርባው ምን እንዳለ ይገምታል፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ አለቀ።

መፍትሔው ያልተለመደ ሀገር መምረጥ ነው። ነገር ግን ሀገሩ እንግዳ መሆኑ ብቻውን አያስፈራም። ማንም ለማያውቀው ቤት አይሳሳም። ሩቁ ሀገር የሚያስፈራው ተጫዋቹ ከቤቱ የሚያውቀውን አንድ ነገር እዚያ ሲያገኘውና ያ ነገር ሲከዳው ነው። ቀጥሎ ያሉት ሰባት ደረጃዎች ይህን ለማድረግ ይረዳሉ። ለምሳሌ የያዝኩት አይስላንድን ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሀገሩ በፊት ፍርሃቱን ምረጡ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ፍርሃቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛ ምሳሌ ይህ ነው፦ «የሞተ ዘመድ በሌሊት መጥቶ በሚወደድ ድምፁ ይጠራል።» ከዚያ ለእጩ ሀገሮቻችሁ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። መልክዓ ምድሩ ሰዎቹን ከእርዳታ ይለያቸዋል? ሕዝቡ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል? ለመከላከልስ የሚያደርገው ልማድ አለው?

ሀገሮች በዚህ ወንፊት ሲያልፉ ይለያሉ። በማዳጋስካር ደጋ ቤተሰብ የአያቶቹን አጽም ከመቃብር አውጥቶ በአዲስ ጨርቅ የሚጠቀልልበት «ፋማዲሃና» የሚባል ሥርዓት አለ። ከሩቅ ሲሰማ ለእኛ ታሪክ የሚመች ይመስላል። ሥርዓቱ ግን የፍቅርና የደስታ ነው፤ ወደ ፍርሃት መጠምዘዙ ሕዝቡን መበደል ይሆናል። በኤስቶኒያ ከጭድና ከአሮጌ ዕቃ ተሠርቶ ለጌታው የሚሰርቅ «ክራት» የተባለ ፍጡር ይተረታል። ይህ ስለ ስግብግብነት ለሚጻፍ ታሪክ ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም። አይስላንድ ሦስቱንም ጥያቄዎች ትመልሳለች። ተረቷ ውስጥ «ድረይጉር» የሚባለው ሙት ጥላ ወይም ጭስ አይደለም። ክብደት ያለው ሥጋ ነው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ አጥንት ይሰብራል።

2. ሀገሩን ወደ አንድ ወረዳና አንድ ክረምት አጥብቡ

«መቼት» የሚለው ቃላችን ራሱ መመሪያ ነው፤ መቼ እና የት። «አይስላንድ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። «በደቡብ አይስላንድ በክላይስቱር አካባቢ፣ ታኅሣሥ 1783» በሉ።

ያ ጊዜ ለምን ተመረጠ? ሰኔ 8 ቀን 1783 ላኪ በሚባለው ስፍራ ምድር 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እሳት ተፋች፤ እስከሚቀጥለው የካቲትም አላቆመችም። ከስንጥቁ የወጣው ፍሎሪን ሣሩን መረዘው። ከበጎቹ አራት አምስተኛ ያህሉ፣ ከላሞቹም ግማሽ ያህሉ አለቁ። ረሃብና በሽታ ተከትለው ከሀገሩ ሕዝብ አምስተኛ ያህሉን ወሰዱ። ሐምሌ 20 ቀን ቄስ ዮን ስቴይንግሪምሶን ቅልጡ ዓለት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየገሰገሰ ሳለ ምእመኑን ሰብስበው ሰበኩ፤ እሳቱም ሳይደርስባቸው ቆመ። አይስላንዳውያን ያን ዕለት እስከ ዛሬ «የእሳቱ ቅዳሴ» ብለው ይጠሩታል።

ስንጥቁን ለተጫዋቾቻችሁ ስትገልጹ አፋርን አስታውሷቸው። አይስላንድም አፋርም የምድር ቅርፊት የሚለያይባቸው ቦታዎች ናቸው። በ2005 ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተከፍቷል። ይህን የሰማ ሰው ላኪን በዓይነ ኅሊናው ለማየት አይቸገርም።

3. ቤቱን እስከ መብራቱ ድረስ እወቁት

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከሀገሩ የፖለቲካ ታሪክ ይልቅ የቤቱን ውስጥ አጥኑ። የ1783 አይስላንዳዊ ገበሬ የሚኖረው ግድግዳውና ጣሪያው ሣር ከነአፈሩ ተቆርጦ በተሠራ ቤት ነው። ሀገሩ ዛፍ እምብዛም ስለሌለው እንጨት ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ባሕር ተሸክሞ ያመጣው ግንድ ነው። ቤተሰቡም ሠራተኛውም የሚተኛው፣ የሚበላውና የሚሠራው «ባዝስቶቫ» በሚባል አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ጣሪያው ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ብዙ ጊዜ መስታወት የላትም፤ የተወጠረባት ስስ የእንስሳ ሽፋን ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ፊት ግን አያሳይም። መብራቱ የዓሣ ጉበት ዘይት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ማታ ማታ ሁሉም ሱፍ እየፈተለና እየጠለፈ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል ወይም ተረት ያወራል። ይህ «ክቮልድቫካ» ይባላል፤ የማታ ንቃት እንደ ማለት ነው። እሳት ዳር ተረት ሰምቶ ላደገ ተጫዋች ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። መሪውም ጨዋታውን ከዚሁ ልማድ መጀመር ይችላል፤ ተጫዋቾቹ ለካስ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንስቶ የክቮልድቫካው ታዳሚዎች ነበሩ።

4. ልማዱን የጨዋታ ሕግ አድርጉት

የመቼቱ እምብርት ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። በድሮዋ አይስላንድ ከመሸ በኋላ የመጣ እንግዳ በር አያንኳኳም። ወደ መስኮቷ ተጠግቶ «እግዚአብሔር እዚህ ይሁን» ይላል፤ ከውስጥ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ሲባል ይከፈትለታል። በእኛ ሀገር ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ያላለ ማን አለ? ድልድዩ ይህ ነው።

ልማዱ ምክንያት አለው። በሕዝቡ እምነት የተነሣ ሙት የእግዚአብሔርን ስም መጥራት አይችልም። በዮን አውርትናሶን ስብስብ ውስጥ ከ1862 እስከ 1864 የታተመው የሚርካው ዲያቆን ተረት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ወንዝ ውስጥ ወድቆ የሞተ ዲያቆን እጮኛውን ለገና ግብዣ ሊወስዳት በፈረስ ይመጣል። ስሟ ጉዝሩን ነው። «ጉዝ» በቋንቋቸው የፈጣሪ ስም ስለሆነ ዲያቆኑ ሊጠራው አይችልም፤ «ጋሩን» ይላታል። ለተጫዋቾቻችሁ ስታስረዱ ገብረእግዚአብሔር የሚባልን ሰው «ገብረ…» ብሎ የሚያቆም ድምፅ አስቡ በሏቸው።

ከዚህ በኋላ ሕጉን በሦስት ሌሊት ክፈሉት። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ጎረቤት በወጉ ይጠራና ይገባል፤ ተጫዋቾቹ ልማዱን በሰላም ይማራሉ። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ሰው መስኮቷ ጋ ይመጣል፤ ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ በረዶው ሊገድለው ነው። ይከፍቱለታል? ሰው ከሆነና ካልከፈቱ ሬሳውን ጠዋት ያገኙታል። በሦስተኛው ሌሊት የሚጠራው ባለፈው ሳምንት የቀበሩት ነው፤ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራል፣ የአንዷን ስም ግን አጉድሎ። ዳይስ አትጣሉ። ውሳኔውን ለእነሱ ተዉት።

5. ሰዎቹን በስም፣ በሥራና በአእምሮ ሙሉ አድርጓቸው

ባዕድ ስም ተጫዋችን ያደናግራል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፤ አይስላንዳውያን እንደ እኛ ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የሚይዙት የአባታቸውን ስም ነው፤ ሰውንም በራሱ ስም ይጠሩታል። የዮን ልጅ «ዮንሶን»፣ የዮን ሴት ልጅ «ዮንስዶቲር» ናት። ይህን በአንድ ደቂቃ ንገሯቸው፤ በቂ ነው።

አራት ገጸ ባሕርያት አዘጋጁ፦ ባሏ የሞተባት የቤቱ እመቤት፣ ብዙ ክረምት ያየ አሮጌ እረኛ፣ ቄስ ሊሆን የሚማር ወጣት፣ በረዶ ያገደው የዴንማርክ ነጋዴ ጸሐፊ። በዚያ ዘመን ደሴቲቱ የምትገዛው በዴንማርክ ነው፤ ከ1602 ጀምሮም ንግዱ በሙሉ በዴንማርክ ነጋዴዎች እጅ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው እህል ያለበትን መጋዘን የሚያውቅ፣ ነገር ግን ማንም የማይወደው ሰው ነው። ከሙቱ በፊት ቤቱን የሚከፍለው ይህ ነው።

ሕዝቡን የዋህና አጉል አማኝ አድርጋችሁ አታቅርቡ። በመስኮት መጥራት በጨለማ ለተነጠለ ቤት ብልህ ልማድ ነው። እንደ ቄስ ዮን ያሉ በእውነት የኖሩ ሰዎችን ከሩቅ በስማቸው ጥሯቸው፤ ያላሉትን በአፋቸው አታስገቡ።

6. ገደቡን ከጨዋታው በፊት ተነጋገሩ

ይህ መቼት ረሃብ አለበት። በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የ1977ን ረሃብ ያየ ወላጅ ያለው ሰው መቀመጡ አይቀርም። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ፦ «ታሪኩ ውስጥ እንዲነሣ የማትፈልገው ነገር አለ?» የተባለውን ያለ ክርክር አውጡት። በጨዋታው መሃልም ማንም እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያሳርፍ ትዕይንቱ እንዲቆም ተስማሙ። ረሃቡን በባዶ ማሰሮና በተቆጠረ ደረቅ ዓሣ አሳዩት፤ የሕፃን ሥቃይ እየዘረዘራችሁ አታስፈራሩበት።

ረሃቡን የሌላ ሕዝብ ጉዳይ አድርጋችሁም አትዩት። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት የላኪ ጭስ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዝቅዞ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ እንዳዳከመና የዓባይን ውኃ እንደቀነሰ አሳይተዋል። በግብፅም ወንዙ ጎድሎ ረሃብ ገብቷል። አይስላንድ ውስጥ የተሰነጠቀው ምድር የእኛን ደመና ነክቷል ማለት ነው።

7. መክፈቻውን ጻፉ፣ ከዚያም ፈትሹት

የመጀመሪያው ትዕይንት ከአንድ አንቀጽ አይብለጥ። ለምሳሌ፦

«ታኅሣሥ ነው። መብራቱ አንድ ነው። ሱፍ የምትፈትሉት ስምንት ናችሁ፤ ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ነበራችሁ። ጣሪያው ላይ በረዶ ሲረገጥ ይሰማል። መስኮቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁላችሁም ሰላምታውን ትጠብቃላችሁ። አልመጣም።»

አሁን አንድ ፈተና አድርጉ። «አይስላንድ» የሚለውን ሰርዛችሁ በሌላ ሀገር ስም ተኩት። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ ሀገሩን ገና አልተጠቀማችሁበትም፤ ወደ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። መስኮቷ፣ ሰላምታውና የጎደለው ስም አብረው ከፈረሱ ግን መቼታችሁ ተሳክቷል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። የእኛም ሀገር ለሌሎች ጸሐፊዎች ሩቅና እንግዳ ነች፤ ኑሯችን ሳይታወቅ የምስጢርና የአስማት መጋረጃ ስትደረግ እናዝናለን። እንግዲያው የሰው ሀገር ስትመርጡ፣ የዚያ ሀገር ሰው ጠረጴዛችሁ ላይ ቢቀመጥ «አዎ፣ የአያቴ ቤት እንዲህ ነበር» እስኪል ድረስ አጥኑ። ያን ያህል ካወቃችሁት በኋላ መብራቱን ዝቅ አድርጉና ጀምሩ።