አንብበን እንረዳ፣ ተረድተን እንመርምር



ፈተና ሲቃረብ ብዙዎቻችን ሀንድአውቱን እናነባለን፣ እናሰምርበታለን፣ ደግመን እናነበዋለን። ገጾቹን ስለለመድናቸው ያወቅናቸው ይመስለናል። ጥያቄው በሌላ አነጋገር ሲመጣ ግን እንቸገራለን። ሁለተኛ ደረጃን በሽምደዳ ያለፍን እንኳ ዩኒቨርሲቲ ላይ እሱ ብቻ አያሻግረንም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንልመድ።

1. ከማንበባችን በፊት እንጠይቅ

ምዕራፉን ከመጀመራችን በፊት ለአምስት ደቂቃ ርዕሶቹንና ማጠቃለያውን እንቃኝ። ንዑስ ርዕሶቹንም ወደ ጥያቄ እንለውጣቸው። «የዋጋ ግሽበት መንስኤዎች» የሚለውን «የዋጋ ግሽበት በምን ምክንያት ይመጣል?» ካልነው ንባባችን መልስ ፍለጋ ይሆናል። እንግሊዝኛው ከከበደንም በየቃሉ መዝገበ ቃላት አንክፈት፤ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብበን፣ ያለ እሱ ሐሳቡ የማይገባንን ቃል ብቻ እንፈልግ።

2. ዘግተን እናስታውስ

ቁርኣን የቀራን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ሙስሐፉን ዘግተን ለኡስታዙ ካላሰማን ሒፍዛችን አይጸናም። ለትምህርታችንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ሳያዩ የጻፉት 56 ከመቶ አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የበለጡት ደግመው ያነበቡት ነበሩ። የሚያታልለንም ይኸው ነው።

3. የተረዳነውን እንመርምር

በባስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለዘመናት ሲከበር የኖረውን የበጥሊሞስን ሥራ መርምሮ ጥርጣሬዎቹን በመጽሐፍ አቀረበ። ለእሱ የጸሐፊው ዝና ማስረጃ አልነበረም፤ አንባቢው የራሱንም ግምት እንዲጠረጥር አሳስቧል። እኛም ስናነብ እንጠይቅ፦

ሀ. ጸሐፊው ሊያሳምነን የፈለገው ምንድን ነው?
ለ. ማስረጃው ምንድን ነው? ከየት መጣ?
ሐ. ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም?

ለምሳሌ «ላይብረሪ የሚያዘወትሩ ተማሪዎች ውጤታቸው ከፍ ያለ ነው» የሚል ብናነብ፣ ውጤቱን ያመጣው ላይብረሪው ነው ወይስ ድሮም ትጉ የሆኑት ናቸው ላይብረሪ የሚሄዱት? አረፍተ ነገሩ ብቻውን አይመልስልንም። በቴሌግራም የሚደርሰንን ወሬ ከማስተላለፋችን በፊትም ይህንኑ እንጠይቅ፤ ወሬን ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነገር ነውና።

በዚህ ሳምንት በየዶርማችን ሦስት አራት ሆነን ከዒሻ በኋላ እንሞክረው። አንድ ክፍል እናንብብ፣ እንዝጋው፣ አንዳችን ለሌሎቹ እናስረዳ፣ የቀሩት ማስረጃውን ይጠይቁ። የሚከብደን ቦታ ገና ያልገባን ቦታ ነው፤ ከፈተናው በፊት ማወቃችን ይጠቅመናል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። አሚን።