ማን አረዳት ብቻ ሳይሆን ምን በላች?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዶሮ ስንገዛ «ማን አረዳት?» ብለን እንጠይቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ምን በልታ አደገች?» የሚል ገዢ ግን አላጋጠመኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያነቃኝ በከተማው ዳር ዶሮ የሚያረባ አንድ ወንድም ነው። መኖ ቤቱ ውስጥ ከበቆሎው፣ ከፉርሽካውና ከኑግ ፋጉሎው አጠገብ ምንም ያልተጻፈበት ጆንያ ቆሟል። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ነው፤ ሽታው ገና ከበር ይቀበላል። «የሥጋና የአጥንት ዱቄት ነው፤ እንቁላል ይጨምራል» አለኝ። የምን ሥጋ? የየት አጥንት? አያውቅም፤ ነጋዴውም አልነገረውም። ቀጥሎ «ይህን የበላች ዶሮ ሥጋዋ ሐላል ነው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ በሸሪዓችን አዲስ አይደለም። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የበክት ሽያጭ ሐራም መሆኑን ሲያውጁ፣ ለመርከብ ቅብና ለመብራት ስለሚውለው የበክት ስብ ተጠይቀው አልፈቀዱም፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነጃሳ የምትመገብ እንስሳ ደግሞ በፊቅህ «ጀላላ» ትባላለች። ነቢዩ ሥጋዋንና ወተቷን መከልከላቸውን ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሐንበሊዮች ሐራም ሲሉ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን የሚደፋው አስተያየት የተጠላ (መክሩህ) መሆኑ ነው። ንጹሕ መኖ እየተሰጣት ከቆየች ትጸዳለች፤ ኢብኑ ዑመር ዶሮን 3 ቀን ያቆዩ እንደነበር ተዘግቧል። ጥቂት በመቅመሷ ግን ጀላላ አትሆንም። አብዛኛው መኖዋ ነጃሳ ሲሆን ወይም ሽታው በሥጋዋ ሲታወቅ ነው። ያ ዱቄት ከመኖው ጥቂቱ እጅ ስለሆነ የወንድማችን ዶሮዎች ጀላላ አይደሉም ባይ ነኝ፤ ፈትዋው ግን የዑለማእ ነው።

ታዲያ ይህ ማለት ጆንያው ምንም አይደለም ማለት ነውን? በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ አገር የታወቀው የእብድ ላም በሽታ የተዛመተው ሣር በል ለሆነችው ላም የላም ሥጋና አጥንት ፈጭተው ስላበሏት ነው። በ1988 ተከለከለ፤ ሆኖም በዚያች አገር ብቻ ከ180 ሺህ በላይ ከብቶች ታመሙ። በ1996 በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ ይፋ ሆነ፤ እዚያው 178 ሰዎች ሞተዋል።

ዱቄቱ የሚሠራው ከቄራ የተረፈውን ከትፎ በእንፋሎት በመቀቀል፣ ስቡን በመጭመቅና ደረቁን በመፍጨት ነው። የአውሮፓ ጥብቅ ደንብ ቁራጩ ከ50 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ በ133 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና በ3 ባር ግፊት ለ20 ደቂቃ ይቀቀል ይላል። ይህ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የእብድ ላም በሽታን መንስኤ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ስለዚህ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር መጀመሪያውኑ መግባት የለበትም። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንትም እንደዚሁ፤ የበሽታው ዘር በደረቅ አጥንት ለዓመታት ይቆያል። በሚገባ የተቀቀለውም ቢሆን ጥሬው በተጫነበት አካፋ ከተዛቀ፣ እርጥበት ካገኘው ወይም አይጥ ከገባበት ሳልሞኔላ ተመልሶ ይሰፍርበታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከማሞቂያው በኋላ ነው።

በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2001 ጀምሮ ተከልክሎ የነበረው ነገር በ2021 ላልቷል፤ ከአሳማ የተሠራ ፕሮቲን ለዶሮ መኖነት እንዲውል የአውሮፓ ኅብረት ፈቅዷል። በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳ ባሕርዩ ፈጽሞ ሲለወጥ ይጸዳል፤ ቀቅሎ መፍጨት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ ነውን? ዑለማኦቻችን በግልጽ ሊነግሩን ይገባል።

የኛ አገር ሙስሊም ነጋዴም ቢሆን የማያውቀውን ዱቄት ሲሸጥ ሊያስብበት ይገባል። የእንስሳው ዓይነት፣ የታረደ ይሁን የሞተ፣ የተቀቀለበት ቀን በጆንያው ላይ መጻፍ ምን ያህል ያስወጣል?

ያ ወንድም ጆንያውን መልሶ ምንጩን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቋል። እስካሁን አልመጣለትም። ዶሮዎቹን በኑግ ፋጉሎና በአኩሪ አተር እየመገበ ነው፤ እንቁላሉ ትንሽ መቀነሱን ነግሮኛል።