ስለ እጅ መታጠቢያ አመራረጥ

በአዳማም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መታጠቢያ ቤቱን የሚያድስ ሰው፣ ባለ ቁም ሣጥን የእጅ መታጠቢያ ሲገዛ ከፊቱ ጌጥ ይልቅ ሥሩን ይመልከት። መጥረጊያና መወልወያ ከበታቹ እንዲገባ እግር ያለው ይሁን፤ አለዚያ እርጥበትና በረሮ ይሸሸጉበታል። ቺፕውድ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ስለሚፈርስ አሉሚኒየም ይሻላል። ሲፎኑም ለጽዳት በቀላሉ የሚፈታ ይሁን፤ የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው በውስጡ የሚቀረው ውሃ ነው።

ቧንቧ ሲቋረጥ እንዲያገለግል ከሥሩ የሚቀመጠው የውሃ ባልዲ ዘወትር ይከደን። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ የምትራባው ባልተከደነ የውሃ ዕቃ ነውና። ከሁሉም በላይ ሳሙና አይታጣበት፤ ሳሙና የሌለው መታጠቢያ የቤት ጌጥ እንጂ የጤና ጠባቂ አይደለም።